«ወይ ውሻሽን ወይ ቤቱን» ለተባለችው የደሴ እህታችን

የደረሰን ደብዳቤ፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቼ ማታ 1 ሰዓት ነው የምገባው። ከገባሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ ለ1 ዓመት የጽሑፍ ውል ተፈራርመን ነበር፣ ከዛ አላደስነውም ግን ኪራዩን በየወሩ በቴሌብር እልካለሁ። የገባሁ ሰሞን አንድ ቡችላ አግኝቼ እማማን (የቤቱን ባለቤት ማለት ነው) ላሳድገው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ‹አሳድጊው ልጄ፣ ግቢውንም ይጠብቅልናል› አሉኝ። አሁን ቡቺ ትልቅ ውሻ ሆኗል። ባለፈው ወር ግቢው ቧንቧ ጋ የተቀመጠውን የእማማን የውዱእ (ለሶላት የሚታጠቡበት) ጆግ ላሰባቸውና ተቆጡ፣ ከዛ ደግሞ ጎን ያለችው ተከራይ ቀን ቀን ይጮሃል፣ ልጄን ያስደነግጥብኛል አለች። አሁን የእማማ ልጅ ከሳዑዲ መጥቶ በ15 ቀን ወይ ውሻውን አስወጪ ወይ ቤቱን ልቀቂ፣ አለዚያ ቁልፉን እቀይረዋለሁ አለኝ፣ ብትቆዪም ኪራዩ ከ3,500 ወደ 5,000 ነው አለ። ቲክቶክ ላይ አከራይ የቤት እንስሳ መከልከል አይችልም ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው? ቡቺን የትም መጣል አልችልም። ምን ላድርግ? ር. ከደሴ»

እህቴ አብሽሪ። 15 ቀን ሲሉሽ አጭር ይመስላል ግን ብዙ ነገር ይሠራበታል። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት፣ ምክንያቱም አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ሕግ ነው፣ ነገሩን የሚፈታው ግን እግረ መንገድሽን ጻፍ አድርገሽ ያለፍሽው አንድ መስመር ውስጥ ነው ያለው። እሱን እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ የቲክቶኩን እንጨርሰው። የሰማሽው ውሸት ላይሆን ይችላል፣ ግን የኛ አገር ነገር አይደለም። ጀርመን ውስጥ የፌደራሉ ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ተዘጋጅቶ የሚቀርብ የኪራይ ውል ላይ «ውሻና ድመት በጭራሽ አይቻልም» ብሎ በጅምላ መከልከል አይጸናም፣ እያንዳንዱ ጉዳይ ለየብቻው መታየት አለበት ብሎ ወስኗል። እንግሊዝም በዛው አቆጣጠር በ2025 ባወጣችው የተከራዮች ሕግ ላይ ተከራይ እንስሳ ላስገባ ብሎ ሲጠይቅ አከራይ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ማለት እንደሌለበት ተቀምጧል። እነሱ በአገራቸው ነው። አንቺ ይሄን ይዘሽ የእማማ ልጅ ፊት ብትቆሚ ነገር ታከሪያለሽ እንጂ አንድ ቀን አትጨምሪም።

የኛ ሕግ ስለ ውሻ ዝም ነው የሚለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2945 ጀምሮ የቤት ኪራይን ለብቻው አስቀምጦታል፣ ጥገናው የማን ነው፣ ኪራይ እንዴት ይከፈላል፣ ውሉ እንዴት ያልቃል እያለ ይሄዳል፣ «ተከራይ ውሻ ማሳደግ ይችላል» ወይም «አይችልም» የሚል ግን አታገኚበትም። እንደዚህ ሲሆን ዞሮ ዞሮ ወደ ውሉ ነው የሚኬደው፣ ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መሀል እንደ ሕግ ነው ስለሚል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ገብተሽ ያንን ውል አውጪውና እያንዳንዱን መስመር አንብቢው። «እንስሳ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ካለ ነገርሽ ከባድ ነው፣ ከሌለ ደግሞ (ደብዳቤሽ ላይ ስላላነሳሽው የለም ብዬ ነው የምቀጥለው) ውሉ አልከለከለሽም ማለት ነው። አልፈቀደልሽምም። እዛ ላይ ደግሞ የእማማ የአፍ ፈቃድ አለ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሻውን በየቀኑ እያዩ ኪራይ መቀበላቸው አለ፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሰርቄ ደብቄ ያስገባሁት ውሻ አይደለም ማለት ትችያለሽ። እማማ ሲፈቅዱ የሰማ ሰው ካለ ከአሁኑ አስታውሺው።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ የ1 ዓመቱ ውል ካለቀ በኋላ ማንም ሳይቃወም እየከፈልሽ እየኖርሽ ስለሆነ ውሉ ቀጥሏል ነው የሚባለው፣ የቀጠለው ግን ጊዜ ያልተወሰነለት ሆኖ ነው። ጊዜ ያልተወሰነለትን ውል ደግሞ አከራይ ተገቢውን ማስታወቂያ ሰጥቶ ሊያቋርጠው ይችላል። ስለዚህ እማማ ከልባቸው ይሄን ቤት እፈልገዋለሁ ካሉ ሕጉ ጊዜ ይገዛልሻል እንጂ ዕድሜ ልክ አያኖርሽም። ይሄን የምልሽ ልብሽን ለመስበር አይደለም፣ ጉልበትሽን የት ላይ እንደምታውዪው እንድታውቂ ነው።

የልጅየው «ቁልፉን እቀይረዋለሁ» ግን ሌላ ነገር ነው። እዛ ላይ አትፍሪ። አከራይ ሆነ የአከራይ ልጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በገዛ እጁ ቁልፍ መቀየር፣ ዕቃሽን አውጥቶ ደጅ መከመር፣ ውሃና መብራት ቆርጦ ማስመረር አይችልም። ባለቤት እንኳ ተከራይ አልወጣም ካለው መክሰስ ነው ያለበት። ያደረገው እንደሆነ ቀድመሽ የቤቱን ሁኔታ በስልክሽ ቪዲዮ ቅረጪ፣ ጎረቤት ምስክር ያዢ፣ ፖሊስ ጋ አስመዝግቢ፣ ከዛ ፍርድ ቤት «ሁከት ይወገድልኝ» ብለሽ ማመልከት ነው፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች ይሄን ቃል በደንብ ያውቁታል። ቤት ሳትኖሪ እንዳይሠራው ከፈራሽ ደግሞ ሰነዶችሽን፣ የትምህርት ማስረጃሽንና ውሉን ቢሮሽ ወይ ዘመድ ጋ አስቀምጪ።

የ5,000 ብሩ ነገር። በመጋቢት 2016 ፓርላማው ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። እሱ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከ2 ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይብለጥ፣ ጭማሪም አከራዩ በፈለገው ጊዜ በፈለገው ልክ ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያወጣው ልክ ይሁን ይላል። በክልል ከተሞች ግን የሚሠራው ክልሉ በወሰናቸው ከተሞች ነው፣ ስለዚህ አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠይቀሽ ከተማ አስተዳደሩ ሄደሽ ደሴ ላይ የኪራይ ውል ምዝገባው እንዴት ነው ብለሽ በአካል ጠይቂ። የሚመዘገብ ከሆነ ሁለታችሁንም ይጠቅማችኋል፣ እማማንም «አብረን ሄደን እናስመዝግበው» በያቸው። ከዚህ ሁሉ ውጪ አንድ በጣም ደስ ያለኝ ነገር ኪራዩን በቴሌብር መላክሽ ነው፣ ከዚህ በኋላ ምክንያት የሚጻፍበት ላይ «የጥቅምት ወር ቤት ኪራይ» እያልሽ ወሩን ጻፊበት፣ የሁለት ዓመቱን መልእክትም እንዳታጠፊው፣ ስክሪንሾት አድርገሽ ለራስሽ ኢሜይል ላኪው። ይሄን ወር በተለይ አንድ ቀንም እንዳታሳልፊ፣ ኪራይ ያሳለፈ ተከራይ ሌላው ክርክሩ ሁሉ ውሃ ነው የሚበላው።

አሁን ወደ አንቺ ግዴታ። ከአከራይ በፊት ሕጉ አንቺን የሚይዝሽ እዚህ ላይ ነውና በጥሞና አንብቢው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ በድንገት አምልጦኝ ነው፣ እንደዚህ ያደርጋል ብዬ አልጠበቅኩም ማለት አያድንም። የጎረቤትሽን ልጅ አንድ ቀን ቢነክሳት ማሳከሚያው ያንቺ ነው። ቡቺ ተከትቧል? ደብዳቤሽ ላይ የለም፣ ይሄ ደግሞ ያሳስበኛል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰው አይተርፍም፣ ሰው ላይ የሚደርሰው ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም በውሻ ንክሻ ነው። በዚህ ሳምንት ውስጥ ከተማው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ወይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ጠይቀሽ አስከትቢው፣ ካርድ ተቀበይ፣ በየዓመቱ ማሳደስ እንዳትረሺ። ምናልባት የተነከሰ ወይ የተቧጨረ ሰው ካለ ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ከዛ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም፣ ውሻው ተከትቧል ብሎ መቅረት የለም። ይሄን ለጎረቤትሽም ንገሪያት፣ እናት ናት፣ አንቺ ቀድመሽ ስታስቢላት ታየዋለች።

ቤቱንም ተመልከቺ። ውሻ ያለበት ቤት የት የት ላይ እንደሚጎዳ ታውቂዋለሽ፣ የላሜራ በሩ ታችኛው ጫፍ ላይ በጥፍሩ ቀለሙን እየላጠ ብረቱ ይታያል፣ የግድግዳው ጥግ ላይ እየሸና ኖራው ያብጥና ይፈረፈራል። እነዚህን አከራይ ሳይጠይቅሽ ሥሪያቸው። አንድ ጣሳ ቀለምና ትንሽ ኖራ ነው። ቤት በዕድሜው ማርጀቱ ያንቺ ዕዳ አይደለም፣ ቡቺ ያበላሸው ግን ያንቺ ነው፣ የተሠራ በርና የተቀባ ግድግዳ ደግሞ ከአሥር ክርክር በላይ ይናገርልሻል።

አሁን ወደዛ መስመር። «የውዱእ ጆጋቸውን ላሰባቸው።»

ር.፣ እኔ እንደሚመስለኝ ሁሉም ነገር የተጀመረው እዛ ጋ ነው። እማማ ሁለት ዓመት ከውሻው ጋር ኖረዋል፣ ራሳቸው ናቸው አሳድጊው ያሉሽ፣ ጩኸቱንም ችለውት ነበር። ያ ጆግ ግን በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት የሚታጠቡበት ነው። ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ያደገ ወሎዬ ይሄን አያጣውም፣ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ መታጠብ አለበት፣ ምራቁ የነካው ልብስ ሳይታጠብ አይሰገድበትም። ድመት ቢሆን ኖሮ ይሄ ነገር አይነሳም፣ ድመት ንጹሕ ናት፣ ቤት ውስጥ ብትዞር ምንም የለውም። ውሻ ግን ለጥበቃ፣ ለከብት፣ ለአደን ይያዛል እንጂ ሰው ከሚጸዳበት ቦታ ጋር አይቀላቀልም። እማማ የፈቀዱልሽ «ግቢውን ይጠብቅልናል» ብለው እንደሆነ አስተውይ፣ እምነታቸው የሚፈቅደውን ነበር የፈቀዱልሽ። አንቺ ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ወጥተሽ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ማታ ስትመለሺ ቀን ላይ ውሻው የት የት እንደሚዞር አታይም። እሳቸው ናቸው የሚያዩት። በዚህ ዕድሜያቸው ለዙህር (ለቀትር ሶላት) ብለው ወጥተው ቧንቧው ጋ ውሻውን ቆሞ ሲያዩት ምን እንደሚሰማቸው አስቢው። ደብዳቤሽ ላይ «ተቆጡ» ነው ያልሽው፣ ይቅርታ ጠየቅኳቸው ግን አላልሽም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራሽ ፍርድ ቤት አይደለም። ቅዳሜ ወይ እሁድ ልጃቸው ሳይኖር አዲስ ጆግ ገዝተሽ፣ ከተቻለሽም ግማሽ ኪሎ ቡና ይዘሽ ግቢ። «እማማ፣ ባለፈው ለጆግዎ ይቅርታ ሳልልዎ ቀረሁ፣ ልቤ ከብዶኛል» በያቸው። ስለ ሕግ ያን ቀን አንድ ቃል እንዳይወጣሽ። እሳቸው ይናገሩ፣ አንቺ ስሚ፣ ምናልባት አንቺ የማታውቂው ሌላ ነገርም ይነግሩሽ ይሆናል፣ ልጁም የመጣበት ያ ጭቅጭቅ ሳይሆን የእናቱ ዝምታ ሊሆን ይችላል። ከዛ ምን እንደምታደርጊ ንገሪያቸው፣ ቃል ሳይሆን የሚታይ ነገር፦ ቡቺ ከቧንቧው ርቆ በር በኩል ወይ ጓሮ የራሱ ቤት ይሠራለታል፣ ቆርቆሮና እንጨት ያለው ትንሽ ነገር፣ የደሴ ብርድና ክረምት እንደሆነ ታውቂዋለሽ ከመሬት ከፍ አድርገሽ ጣውላ አድርጊለት፣ የራሱ የውሃ ዕቃ ይኖረዋል፣ ቧንቧው አካባቢ እንዳይደርስ ይታጠራል።

ጩኸቱን በተመለከተ፣ ውሻ 13 ሰዓት ብቻውን አጭር ሰንሰለት ላይ ታስሮ ከዋለ ይጮሃል፣ ክፋት አይደለም። ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት ግማሽ ሰዓት ወደ ጦሳ ተራራ በኩል ሽቅብ አስሮጪው፣ ሮጦ የደከመ ውሻ ይተኛል። ስታስሪው ሰንሰለቱን ረጅም አድርጊለት፣ ከተቻለ በረጅም ሽቦ ላይ ቀለበት አድርገሽ ወዲያ ወዲህ እንዲል፣ በሩን በቀጥታ እንዳያይ ጀርባውን አዙሪለት፣ የሚያልፍ ሰው ባየ ቁጥር ነውና የሚጮኸው። እኩለ ቀን ላይ ውሃና ምግብ የሚሰጥ አንድ የሰፈር ልጅ በወር ትንሽ ብር ከፍለሽ ያዢ። ጎረቤትሽንም ስንት ሰዓት ላይ ነው ሚብሰው ብለሽ ጠይቂያት። ይሄን የምልሽ ለሰላም ብቻ አይደለም፣ ጎረቤት ተደጋግሞ ታወከ ከተባለ አከራይ ከቤት የማስወጣት ክርክሩ በዛ በኩል ነው የሚጠነክረው። አንገቱ ላይም ማሰሪያ ይኑረው፣ ባለቤት የሌለው ተብሎ መንገድ ላይ መርዝ የሚበላ ውሻ አለ።

ስለ ወረቀት ደግሞ የራሴን ላውራሽ። ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዙን ተሻግሮ አንድ ግቢ ተከራይቼ ነበር፣ እኔም ውሻ ነበረኝ፣ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ። የቤቱ ባለቤት በአፉ «ምንም ችግር የለውም» ብሎኛል፣ ወረቀት ላይ ግን ምንም የለም። ሰውየው ለሥራ ሌላ አገር ሄደና ግቢውን ወንድሙ ተረከበው። አንድ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ሰንሰለቱ መሬት ላይ ተጥሏል፣ ውሻው የለም። ወንድምየው «ወደ ሚሌ ለሚሄድ የከባድ መኪና ሹፌር ሰጠሁት፣ ለመሆኑ ማን ፈቀደልህ?» አለኝ። መናኸሪያውን፣ የመኪና ማቆሚያውን፣ ባቲ መውጫውን ሁለት ቀን ዞርኩ። አላገኘሁትም። ፖሊስ ጋ ስሄድ «ፈቃድ ነበረህ?» ሲሉኝ የማሳየው ነገር አልነበረኝም። እስካሁን ያ ሰንሰለት ዓይኔ ላይ አለ። የቃል ይረሳል የጽሑፍ ይወረሳል ሲባል በልጅነቴ የሰማሁት ነው፣ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ከእማማ ጋር ከታረቃችሁ በሳምንቱ ይሄን በወረቀት አድርጉት። ረጅም አይደለም፣ እንዲህ ብለሽ ጻፊው፦ «ተከራይ በግቢው ውስጥ አንድ ውሻ ማኖር ትችላለች። ውሻው በየዓመቱ ይከተባል። ቀን በተሠራለት ቦታ ታስሮ ይውላል፣ ማታ ለግቢ ጥበቃ ይለቀቃል፣ የውሃ ቧንቧው አካባቢ አይደርስም። ውሻው በቤቱ ወይም በሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ተከራይ ኃላፊ ነች። አከራይ ውሻው እንዲወጣ ከፈለጉ በጽሑፍ የ2 ወር ጊዜ ይሰጣሉ።» ከሥር ሁለታችሁ ትፈርማላችሁ፣ ሁለት ምስክር ይፈርማል፣ አንዱ ያቺ ጎረቤትሽ ብትሆን በጣም ጥሩ ነበር። ልጅየውም እንዲፈርምበት ጠይቂ፣ ነገ እናቱን ተክቶ የሚቆመው እሱ ስለሆነ። የ2 ወሯን መስመር እንዳትተያት፣ እሷ ናት ቡቺን ከድንገተኛ ነገር የምታድነው። የኪራዩንም መጠን በዛው ጻፉት።

እምቢ ካሉስ? ሊሉ ይችላሉ፣ ቤታቸው ነው። ያኔ በልጃቸው ፊት ከመጨቃጨቅ የሁለታችሁንም አክብሮት ያለው የዕድር ሰው ወይ የሰፈር ሽማግሌ ልከሽ ቢያንስ ሁለት ወር ጠይቂ፣ 15 ቀን ሥራ ላለው ሰው ቤት መፈለጊያ አይበቃም ብለሽ። ቡቺን ግን በዚያ ጭንቀት ለማያውቁት ሰው እንዳትሰጪው፣ ግቢ ያለው ዘመድ ካለሽ ለጊዜው እዛ ይቆይ። አዲስ ቤት ስትፈልጊ ደግሞ ለደላላው ገና በስልክ «ውሻ አለኝ» በይው፣ ቤቱን አይተሽ ወደሽ ቀብድ ከከፈልሽ በኋላ የሚነገር ነገር አይደለም። ኮምቦልቻ ላይም ጠይቂ፣ ሥራሽ እዛ ነው፣ ጠዋት ሐረጎን መውረዱ ሲቀር ለቡቺም ሁለት ሰዓት ይተርፈዋል።

ለአሁኑ ግን ከጆጉና ከክትባቱ ጀምሪ። ካርዱን ስትቀበይ ሁለት ኮፒ አንሺና አንዱን እማማ ጋ ተዪው፣ ማንበብ ባይችሉ እንኳ ምን እንደሆነ ቁጭ ብለሽ አስረጂያቸው። እሁድ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።